ሉዊ ፓስተርና ታመው የዳኑት እንስሳት

አዲስ አበባ ጉለሌ አካባቢ ፓስተር የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የመጣው ድሮ እዚያ ከነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ ስሙን ከቀየረ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ሰዉ ግን አሁንም ፓስተር ነው የሚለው። ከወለጋም ይምጣ ከጎጃም፣ ውሻ የነከሰው ሰው ለብዙ ዘመን ፓስተር ሂድ ሲባል ኖሯል። ታዲያ ይህ ስም የአንድ ፈረንሳዊ ኬሚስት ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? አንዳንዱማ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይመስለዋል።

ስለ ሉዊ ፓስተር ሲወራ ወተት ማፍላትና ክትባት ይነሳሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወት በሌላ በር ገብቼ ላሳይ እሞክራለሁ፤ ታመው ከሞት በተረፉ እንስሳት በኩል። ምክንያቱም ትልልቆቹ ግኝቶቹ የተጀመሩት ይሞታሉ ተብለው ሲጠበቁ ከተነሡ ዶሮዎች፣ ላሞችና ከአንድ ውሻ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፓስተር ታኅሣሥ 27 ቀን 1822 ዶል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ የናፖሊዮን ወታደር የነበረና በኋላ በቆዳ ፋቂነት የሚተዳደር ሰው ነበር። ልጅየው ያደገው አርቧ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ትምህርት ላይ ያን ያህል የሚያስገርም ተማሪ አልነበረም፤ ይልቅ ሥዕል ይወድ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በ1831 አንድ ያበደ ተኩላ አካባቢውን ገብቶ ብዙ ሰው ነከሰ። የተነከሱት ሰዎች ከቤታቸው ብዙም ወደማይርቅ ቀጥቃጭ ቤት እየተወሰዱ ቁስላቸው በጋለ ብረት ይተኮስ ነበር። ብዙዎቹ አልዳኑም። እንዲህ ያለ ነገር በልጅነት ያየ ሰው መቼም አይረሳውም።

ወጣትነቱን በአጭሩ ልለፈው። ፓሪስ ተምሮ በ1848 በክሪስታሎች ላይ ባደረገው ምርምር ስም አገኘ። በ1849 ማሪ ሎራን የምትባል ልጅ አገባ፤ ዕድሜ ልኳን ሥራውን እየጻፈችለት የኖረች ሚስት ናት። ከዚያ ወይንና ወተት የሚኮመጥጡት በዓይን በማይታዩ ሕያዋን ምክንያት መሆኑን አሳየ። ቀጥሎ ደቡብ ፈረንሳይ ወርዶ የሐር ትል በሽታን ለዓመታት አጠና። በእነዚህ ዓመታት ቤቱ ለቅሶ ቤት ነበር። በ1859፣ በ1865 እና በ1866 ሦስት ሴት ልጆቹን ቀበረ። በ1868 ደግሞ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ዕድሜው ገና 45 ነበር። ከዚያ በኋላ የሠራውን ሁሉ የሠራው በአንድ ደህና እጁና በረዳቶቹ እጅ ነው። ልብ በሉ፣ ሐኪም አልነበረም፣ የእንስሳት ሐኪምም አልነበረም። ኬሚስት ነው።

አሁን ወደ ዶሮዎቹ እንምጣ። በ1878 መጨረሻ ቱሴን የሚባል የቱሉዝ የእንስሳት ሐኪም የዶሮ ኮሌራ ጀርም ያለበትን ናሙና ላከለት። ፓስተር ጀርሙን በዶሮ ሾርባ ውስጥ እያራባ ዶሮዎችን ይወጋ ጀመር። ትኩስ ጀርም የተወጋች ዶሮ ክንፏን ጥላ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው አንገቷን ደፍታ በአንድ ሁለት ቀን ትሞታለች። ብዙ ጊዜ አየር ሲነካው የቆየ ጀርም የተወጉት ግን ታመሙና ዳኑ። ትልቁ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የዳኑት ዶሮዎች ገዳዩን ትኩስ ጀርም እንደገና ሲወጉ ምንም አልሆኑም። ይህን ታሪክ ብዙ መጻሕፍት ረዳቶቹ ለዕረፍት ሲወጡ ዕቃው ተረስቶ በዕድል የተገኘ አድርገው ይተርኩታል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለተመራማሪዎች የተከፈተው የፓስተር የሥራ ደብተር ግን ነገሩ የብዙ ወራት አድካሚ ሥራ እንደነበረ ያሳያል። እኔ ደብተሩን ነው የማምነው።

የላሞቹ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይጥመኛል። ሉቭሪዬ የሚባል የገጠር የእንስሳት ሐኪም አባ ሰንጋን የሚያድን መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ነበር። ላሟን በደንብ ያሻታል፣ ተርፔንታይን ይቀባታል፣ ከዚያ በኮምጣጤ የራሰ ትኩስ ድርቆሽ ጎኗ ላይ አድርጎ በጨርቅ ይጠቀልላታል። ለነገሩ እኛም አገር ከዚህ የማይለይ ሕክምና ሞልቷል። ፓስተር እንዲመረምረው ከመንግሥት ታዘዘና ከረዳቱ ከሻምበርላን ጋር ወደዚያ ሄደ። ላሞቹን አባ ሰንጋ ወጓቸው፤ ሁለቱን ሉቭሪዬ እንዲያክማቸው ሰጡት፣ ሁለቱን ደግሞ ያለ ሕክምና ተዉአቸው። ከታከሙት አንዷ ሞተች አንዷ ዳነች። ካልታከሙትም አንዷ ሞተች አንዷ ዳነች። መድኃኒቱ እንግዲህ እዚያ ላይ አበቃለት። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጽፎ ወደ ፓሪስ ይመለስ ነበር። ፓስተር ግን የዳኑትን ላሞች ዞር ብሎ አያቸው። ሌላ ላም የሚገድል መጠን ጨምሮ ሲወጋቸው እብጠት እንኳ ሳይታይባቸው ቀረ። ዶሮዎቹ ያሳዩትን ላሞቹ ደገሙለት።

ከዚህ የተወለደው በ1881 ሙለን ከተማ አጠገብ ፑዪ ለ ፎር በተባለ እርሻ በሕዝብ ፊት የተደረገው ታዋቂ ሙከራ ነው። ጋባዡ ሮሲኞል የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ፓስተር እንዲዋረድ ፈልጎ ነው የሚሉ አሉ። ግንቦት 5 እና 17 ቀን 24 በጎች፣ አንዲት ፍየልና 6 ከብቶች ተከተቡ። ግንቦት 31 የተከተቡትም ያልተከተቡትም ገዳዩን ጀርም ተወጉ። ሰኔ 2 ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ ያልተከተቡት በጎች አብዛኞቹ ሞተው ተጋድመዋል፣ የቀሩትም እያጣጣሩ ነው። የተከተቡት ሣር ይግጣሉ። በ1894 በፈረንሳይ የተከተቡት በጎች 3.4 ሚሊዮን፣ ከብቶች ደግሞ 438 ሺህ ደርሰው ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ፓስተር ክትባቱ በራሱ ዘዴ፣ ማለትም በአየር የተዳከመ እንደሆነ ለሕዝቡ እንዲመስል አድርጓል። በተግባር የተወጋው ሻምበርላን በኬሚካል ያዳከመው ነበር፤ በኬሚካል የማዳከሙን ሐሳብ ደግሞ ቀድሞ ያነሳው ያ ቱሴን ነው። ቱሴን በወጣትነቱ ታሞ፣ ተገቢውን ክብር ሳያገኝ ሞተ። ትልቅ ሰው ነው ማለት ሁልጊዜ ሐቀኛ ነው ማለት አይደለም።

ዛሬ በአገራችን ለአባ ሰንጋ የሚሰጠው ክትባት ቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የሚመረት ነው። ዘሩ የፓስተር ሳይሆን በ1930ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስተርን የተባለ ሰው ያገኘው ነው። መንገዱ ግን ያው የፓስተር መንገድ ነው።

ወደ ውሻው ደረስን። በ1880 መጨረሻ ቡሬል የሚባል የእንስሳት ሐኪም ሁለት ያበዱ ውሾች ላከለት። የእብድ ውሻ በሽታ ጀርም በማይክሮስኮፕ አይታይም፣ በሾርባም አይራባም። በሽታው አንጎል ላይ ስለሚወጣ ረዳቱ ኤሚል ሩ የጤነኛ ውሻ ራስ ቅል በትንሹ ተበስቶ በሽታው በቀጥታ አንጎል ላይ ይደረግ አለ። ፓስተር እንስሳ ሲሠቃይ ማየት ስለማይችል እሺ ለማለት አመነታ። ሩ እሱ በሌለበት ቀን ውሻውን በማደንዘዣ አስተኝቶ ሠራው። ፓስተር በማግስቱ ሲሰማ ውሻው ሽባ ሆኗል ብሎ አዘነ። ውሻውን ሲያመጡለት ግን ጭራውን እየቆላ ክፍሉን እየዞረ ያሸታል። ፓስተር ደስ ብሎት ሲያሻሸው ቆየ። ቁስሉ ዳነ፤ በሽታው ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣበት።

ሌላው ውሻ ነው ታሪኩን የቀየረው። በ1881 ከተወጉ ሦስት ውሾች ሁለቱ ቶሎ አብደው ሞቱ። ሦስተኛው የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች ካሳየ በኋላ ዳነ። በ1882 ሁለት ጊዜ አንጎሉ ላይ በሽታው ቢደረግበትም አላበደም። እንዲህ ያለ መዳን በጣም ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሽታው ሳይበረታ የሚታይ ነው፤ ፓስተር ግን ይህ ከሆነ ውሻን አስቀድሞ ማዳን ይቻላል ብሎ ተነሣ። ከታመመ ጥንቸል የተወሰደ ህብለ ሰረሰር በጠርሙስ ውስጥ እያደረቀ አዳከመው። ከደካማው ጀምሮ ወደ ብርቱው እየተወጉ ብዙ ውሾች በሽታውን የማይፈሩ ሆኑ። የመጀመሪያ ሐሳቡ እንግዲህ ውሾችን መከተብ ነበር፤ ሰው በኋላ ነው የመጣው።

ሐምሌ 6 ቀን 1885 ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የዘጠኝ ዓመት የአልዛስ ልጅ ውሻ ነክሶት ከእናቱ ጋር መጣ። ፓስተር ሐኪም ስላልሆነ መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው። ልጁ ተረፈ። በጥቅምት ደግሞ ትንንሽ ልጆችን ለማዳን ካበደ ውሻ ጋር የታገለው የ15 ዓመት እረኛ ዡፒል ታክሞ ዳነ። በኅዳር የመጣችው የአሥር ዓመት ልጅ ሉዊዝ ፔልቲዬ ግን ከተነከሰች 37 ቀን አልፏት ነበር። ፓስተር እንደዘገየ አውቋል፤ ወላጆቿን ግን እምቢ ማለት አቃተው። ልጅቷ ስትሞት አልጋዋ አጠገብ ነበር።

ይህች 37 ቀን ናት የእኛን አገር የምታስታውሰኝ። በኪራሙና በዙሪያው ገጠር ውሻ ለጌጥ አይያዝም። በቆሎው ሲያፈራ ዝንጀሮና ከርከሮ የሚያባርረው፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ከልጆች ጋር እየተጫወተ ነው የሚያድገው። ሌላ ውሻ ሲነክሰው ግን ያለው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ዱላ ነው። ይህን የምናደርገው ጨካኞች ስለሆንን አይደለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ዛሬም መድኃኒት የለውም፣ ያልተከተበ ውሻ ደግሞ ለቤተሰቡ አደጋ ነው። አስቀድሞ የተከተበ ውሻ ከሆነ ግን ቢነከስም ወዲያው ተደግሞ ይከተባል፣ ለተወሰነ ጊዜ ታስሮ ክትትል ይደረግለታል፤ በሕይወት የመቆየት ዕድል አለው። የተነከሰ ልጅም እንዲሁ ነው። ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ልጁ ሳይውል ሳያድር ክትባት ካገኘ ይተርፋል። መጀመሪያ ሥር ይጠጣ፣ ካልተሻለው ሐኪም ቤት እንወስደዋለን ሲባል ነው ቀኑ የሚያልፈው። በሽታው ደግሞ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ስለሚቆይ ሥሩ ያዳነው ይመስላል።

በ1888 ፓሪስ ውስጥ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ገንዘቡ ከንጉሥም ከድሃም የተዋጣ ነበር። ፓስተር በምረቃው ቀን ንግግሩን ራሱ ማንበብ ስላቃተው ልጁ አነበበለት። የመጨረሻ ዓመታቱን በድካም አሳለፈ። መስከረም 28 ቀን 1895 ከፓሪስ ውጭ ቪልነቭ ሌታን በተባለ ቦታ አረፈ፤ ለክትባቱ ሙከራ የተሠሩት የውሻ ቤቶች የነበሩት በዚያው ግቢ ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል። በየዓመቱ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል። አስከሬኑ በኢንስቲትዩቱ ምድር ቤት ነው ያለው። ከላዩ ባለው ሞዛይክ ላይ በጎች፣ ዶሮዎችና ውሾች ተሥለዋል። ማይስተር ደግሞ አድጎ የዚያው ኢንስቲትዩት በረኛ ሆነ፤ በ1940 እስኪሞት ድረስ እዚያው ሠርቷል።