ዶክተር ያኑሽ ኮርቻክና የልጆቹ ፍርድ ቤት

ያጠፋን ልጅ ከመቅጣት ይልቅ ከተበዳዩ ጋር አገናኝቶ፣ ጉዳቱንም አስክሶ ወደ ጓደኞቹ መመለስ ዛሬ ለመምህራንና ለወጣቶች አማካሪዎች በድኅረ ምረቃ ደረጃ፣ አልፎ አልፎም በተፋጠነ መርሐ ግብር የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል። ትምህርቱ ስም ሳይወጣለት አስቀድመው በሥራ ላይ ካዋሉት ሰዎች አንዱ ዋርሶ ከተማ የኖሩት የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ያኑሽ ኮርቻክ ናቸው።

የልደት ስማቸው ሄንሪክ ጎልድሽሚት ነበር። ጠበቃ የነበሩት አባታቸው ለረጅም ጊዜ በአእምሮ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው በ1896 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሲሞቱ፣ ወጣቱ ሄንሪክ የሰው ልጆችን እያስጠና ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። ኮርቻክ የተባለውን የብዕር ስም በ1898 ያዙ፤ በ1905 ሕክምናን አጠናቀው በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ተቀጠሩ። በ1912 ግን የሆስፒታል ሥራቸውን ትተው፣ በክሮክማልና ጎዳና በተሠራው የአይሁድ ሙት ልጆች ማሳደጊያ ከወይዘሪት ስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ጋር የአሳዳጊነትን ኃላፊነት ተቀበሉ። ቤቱ መቶ የሚያህሉ ልጆች ነበሩት።

የዶክተሩ ስም ከሁሉ በላይ ከዚህ ቤት ፍርድ ቤት ጋር ሊነሣ ይገባል። ዳኞቹ አምስት ሲሆኑ ሁሉም ልጆች ናቸው፤ በሳምንቱ ውስጥ ክስ ካልቀረበባቸው መካከልም በዕጣ ይመረጡ ነበር። አሳዳጊው መምህር ማስረጃ ከመሰብሰብና ከማንበብ በቀር በፍርዱ ድምፅ የማይሰጥ ጸሐፊ ነበር። ዶክተሩ ያዘጋጁት የሕግ መጽሐፍ ቁጥሩ ከአንድ እስከ ሺሕ ይደርሳል፤ ሆኖም ከመቶ በታች ያሉት አንቀጾች በሙሉ ወይ ክሱን የሚዘጉ፣ ወይ ተከሳሹን ነፃ የሚያወጡ፣ ወይ ይቅር የሚሉ ናቸው። አንቀጽ 100 ይቅርታን ሳይሰጥ ድርጊቱ መፈጸሙን ብቻ ያረጋግጣል። 200 ልጁ መሳሳቱን ይናገራል። 500 ፍርዱ በቤቱ ጋዜጣ እንዲወጣ ያዝዛል። ልጁን ከቤት የሚያስወጣው 1000 ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ልጁ ከሦስት ወር በኋላ እንዲመለስ ለመጠየቅ በር ይተውለት ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ በአንድ ጊዜ የሠመረ አልነበረም። በጥቃቅን ነገር መካሰስ በዛ፤ ፍርዱን ከምንም የማይቆጥሩ ልጆችም ተገኙ። ኮርቻክ ችግሩን ሳይሸፍኑ ፍርድ ቤቱን ለጥቂት ሳምንታት አገዱት። ሲከፈትም በፍርዱ ቅር የተሰኘ ሰው ከአንድ ወር በኋላ ይግባኝ እንዲል ተፈቀደ፤ ከዚህ ይበልጥ ደግሞ ልጆች አሳዳጊዎችንና ሠራተኞችን መክሰስ እንዲችሉ ተወሰነ። ይህ የመጨረሻው ለውጥ ለብዙ አስተማሪ የሚዋጥ አይደለም። ዶክተሩ ግን በግማሽ ዓመት ውስጥ ራሳቸውን አምስት ጊዜ ከሰው ቀረቡ፤ አንድ ጊዜ ልጅ በጥፊ መተው፣ አንድ ጊዜ ልጅ ከመኝታ ክፍል አስወጥተው፣ አንድ ጊዜ ልጅ ጥግ አቁመው፣ አንድ ጊዜ ዳኛ ሰድበው፣ አንድ ጊዜም ልጃገረድ በሌብነት ጠርጥረው። ልጅን እንዴት መውደድ እንደሚገባ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ፣ አስተማሪነትን እንደ አዲስ የተማሩት በእነዚህ ክሶች መሆኑን ገልጸዋል። በሆስፒታል የተማሩት ሕመምተኛውን መመርመር ነበር፤ እዚህ ግን ተመርማሪው ራሳቸው ሆኑ።

አስተማሪዎችን ሲያሠለጥኑም መንገዱን አልለወጡትም። ከ1923 ጀምሮ በማሳደጊያው ውስጥ ለወጣት ተማሪዎች ማደሪያ ተከፈተ። ቡርሳ ይባል ነበር። ተማሪዎቹ ለምግብና ለመኝታ ምትክ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ከልጆቹ ጋር ይሠራሉ፤ ያዩትንና ያልገባቸውን በደብተር ይጽፋሉ፤ ወይዘሪት ስቴፋኒያና ዶክተሩም እያነበቡ አስተያየት ይሰጡበታል። ማሳደጊያውን ዕለት ከዕለት ቀጥ አድርገው የያዙት ወይዘሪት ስቴፋኒያ ሆነው ሳሉ ስማቸው እምብዛም አለመነሣቱ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኮርቻክ ማሪያ ግዤጎዤቭስካ በ1922 ባቋቋሙት የልዩ ትምህርት ተቋምም አስተምረዋል። አንድ ቀን ትምህርታቸውን በራጅ ክፍል ውስጥ እንደ ሰጡ ይተረካል። የፈራ ሕፃን ከመሣሪያው ፊት አቁመው፣ ልቡ በፍጥነት ሲመታ ለተማሪዎቹ ካሳዩ በኋላ፣ በልጅ ላይ በሚቆጡበት ሰዓት ይህን ልብ እንዲያስታውሱ ነግረው ሸኟቸው። ዋርሶ በሚገኘው የወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤትም በባለሙያነት አገልግለዋል።

ጀርመኖች ፖላንድን ከያዙ በኋላ በ1940 ማሳደጊያው ወደ ጌቶው ተዛወረ። ረሀብና በሽታ በበዛበት በዚያ ስፍራም ቤቱ ሥርዐቱን ይዞ ቆየ። ወዳጆቻቸው ብቻቸውን እንዲያመልጡ ቢለምኗቸውም ዶክተሩ እሺ አላሉም። በነሐሴ 1942 መጀመሪያ ኮርቻክ፣ ስቴፋኒያና ሌሎች ሠራተኞች ሁለት መቶ ከሚሆኑ ልጆች ጋር ወደ ትሬብሊንካ ተወስደው ተገደሉ። ከቡርሳው ተማሪዎች መካከል ከጦርነቱ የተረፉት በፖላንድና በእስራኤል የማስተማርና የአሳዳጊነት ሥራቸውን ቀጠሉ።