የማዲ ዋተርስ አጭር የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ዓመት በወላጆች በዓል ቀን መድረክ ላይ ክራር ስመታ፣ የጓደኞቼ ከበሮና ኪቦርድ ድምፁን ስለ ዋጠው መጫወቴን እናቴ እንኳ አልሰማችም። በዚህ አዝኜ ሳለሁ አጎቴ አንድ የቆየ ሸክላ አሰማኝ። ባለ ሸክላው ማዲ ዋተርስ የተባለ አሜሪካዊ የብሉዝ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ነበረ። ታሪኩ ስለ ጠቀመኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

የተወለደበት ስሙ ማኪንሊ ሞርጋንፊልድ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ግዛት እንደ ተወለደ መዛግብት ያመለክታሉ። እናቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተች፣ አያቱ በክላርክስዴል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በስቶቫል የጥጥ እርሻ አሳደገችው። በጭቃ ውሃ መጫወት ይወድ ስለ ነበረ ማዲ፣ ማለትም ድፍርስ፣ ብላ የጠራችው እርሷ ናት። ትምህርቱንም ገና በልጅነቱ ትቶ በእርሻው ላይ ይሠራ ጀመር።

በ1941 ዓ.ም. አለን ሎማክስና ጆን ዎርክ የተባሉ ሊቃውንት፣ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ ዘፈን ሊሰበስቡ ወደዚያ መጡ። ማዲም የጠርሙስ አንገት በጣቱ አጥልቆ በጊታሩ ክር ላይ እያንሸራተተ ዘፈነላቸው። የተቀዳውን ድምፁን መልሶ በሰማ ጊዜ ከሌሎች ዘፋኞች የማያንስ መሆኑን ተረዳ። ከሁለት ዓመት በኋላ እርሻውን ትቶ በባቡር ወደ ቺካጎ ሄደ።

በቺካጎ ቀን በፋብሪካ እየሠራ ማታ በመጠጥ ቤት ይጫወት ነበር። ነገር ግን በሰው ጫጫታ መካከል ጊታሩ አልሰማ ስላለ የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ። በ1948 ዓ.ም. ያወጣው ሸክላ በጥቂት ቀን ተሸጦ አለቀ። ከዚያም አርሞኒካ፣ ፒያኖና ከበሮ ጨምሮ ያቋቋመው ትንሽ ባንድ ለቺካጎ ብሉዝ መሠረት ሆነ። ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት እንግሊዛውያን ወጣቶች የባንዳቸውን ስም የወሰዱት ከእርሱ ዘፈን ነው።

አጎቴ ያሰማኝ ግን በ1966 ዓ.ም. የተቀዳውን «ማዲ፣ ብራስ ኤንድ ዘ ብሉዝ» የተባለውን ነው። በዚያ ዘመን የወጣቱ ጆሮ በጥሩምባና በሳክስፎን ወደ ደመቀው የሶል ሙዚቃ አዘንብሎ ነበር። ስለዚህ ቼስ የተባለው የሸክላ ኩባንያ፣ ማዲ ከራሱ ባንድ ጋር ከተቀዳ በኋላ ኦርጋንና የነፋስ መሣሪያዎች ጨመረበት። ብዙ የብሉዝ ወዳጆች ይህ ጭማሪ አላስፈለገም ብለው ነቅፈውታል።

እኔም በመጀመሪያ እንደ ክራሬ ድምፁ ይዋጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ደጋግሜ ሳዳምጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ማዲ ከምቱ ጥቂት ዘግየት ብሎ የመዝፈን ልማድ ነበረው። ጥሩምባው ሲያይል አይጮህም፤ አይቸኩልምም፤ ቃሉን በራሱ ጊዜ ያወጣል። ቀድሞ የተቀዳው እርሱ ስለ ሆነ፣ ኋላ የመጡት እርሱን መከተል ግድ ሆነባቸው።

በ1977 ዓ.ም. እንደ ገና በአነስተኛ ባንድ «ሃርድ አጌን» የተባለውን ሸክላ አውጥቶ የግራሚ ሽልማት አገኘበት። ኤፕሪል 30 ቀን 1983 ዓ.ም. በቺካጎ አቅራቢያ በቤቱ ተኝቶ ሳለ ዐረፈ።

ዘንድሮ በዓሉ ሲደርስ ክራሬን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁ። ጓደኞቼንም መግቢያውን ለክራሩ ብቻ እንዲተዉልኝ ለመንኋቸው፤ እሺ አሉኝ። ሳልቸኩል መታሁ። እናቴ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ ነበር፤ ስንገናኝ ዜማውን እያንጎራጎረች አገኘኋት።