ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል እና በእጅ የተሣለው የነርቭ ሕዋስ

በዘመናችን የፓቶሎጂ ቤተ ሙከራዎች የሚገኘው አውቶማቲክ የስላይድ ስካነር የሕብረ ሕዋስን ናሙና ክፍል በክፍል እያነሣ ምስሎቹን ይገጣጥማል፤ ናሙናው ወፍራም ሲሆን ደግሞ በተለያየ ጥልቀት ደጋግሞ ያነሣዋል። ስፔናዊው ሐኪም ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል ይህን የመሰለ ሥራ በዓይናቸውና በእጃቸው አከናውነዋል።

ካኻል እ.ኤ.አ. በ1852 ተወለዱ። ሠዓሊ ለመሆን ቢመኙም ሐኪም የነበሩት አባታቸው አልፈቀዱም። ሕክምና ተምረው በኩባ በጦር ሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ በወባ ተዳክመው ተመለሱ። በ1885 ስለ ኮሌራ ላደረጉት ጥናት የሳራጎሳ አስተዳደር የዛይስ ማይክሮስኮፕ ሸለማቸው፤ ከዚህ የተሻለ ሽልማት ማሰብ ያስቸግራል።

በ1887 በማድሪድ ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ይፋ ባደረጉት ዘዴ የተቀለሙ ስላይዶችን ተመለከቱ። ፖታሲየም ዳይክሮሜትና ሲልቨር ናይትሬት የሚጠቀመው ይህ ዘዴ ከብዙ ሕዋሳት ጥቂቱን ብቻ፣ ነገር ግን ከነቅርንጫፋቸው ያጠቁራል። ችግሩ ውጤቱ አስተማማኝ አለመሆኑ ነበር። ካኻል ቅለማውን ደጋገሙት፤ ማየሊን ቅለማውን ስለሚያግድም ማየሊን ገና ያልሸፈናቸውን የፅንስና የጨቅላ እንስሳት ነርቮች መረጡ። በ1888 በባርሴሎና የአእዋፍን ንዑስ አንጎል መርምረው የነርቭ ጭራዎች ከሌላ ሕዋስ ጋር ሳይዋሐዱ እንደሚያበቁ አስታወቁ። በቀጣዩ ዓመት ስላይዶቻቸውን ይዘው በርሊን ሄዱ፤ ታላቁን አናቶሚስት አልበርት ፎን ኮሊከርንም አሳመኑ።

ሥዕሎቻቸው ግን የአንድ እይታ ቅጂ አልነበሩም። ከብዙ ናሙናዎችና ከተለያየ ጥልቀት የታየው በአንድ ገጽ ላይ ተዋሕዷል። ስካነር ያገኘውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ካኻል ግን መርጠዋል፣ ምርጫቸውም ንድፈ ሐሳባቸውን ተሸክሟል። ስለሆነም በዚያው ዘዴ የሠሩት ጎልጂ የተያያዘ መረብ ማየታቸው እምብዛም አያስደንቅም። በ1906 የኖቤልን ሽልማት ሲካፈሉ እንኳ ጎልጂ በንግግራቸው የካኻልን አቋም ተቃወሙ። በሕዋሳት መካከል ያለውን ክፍተት በግልጽ ያሳየው በ1950ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲሆን፣ ካኻል በ1934 ማድሪድ ውስጥ አርፈው ነበር።

ሥዕሎቻቸው ከስላይዶቻቸው ጋር በማድሪድ ተጠብቀዋል፤ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ሰፍረዋል። ሥዕሉን ከናሙናው ጋር ለማነጻጸር የሚሻ ተመራማሪ ሁለቱንም ያገኛል።