የሄርናንዴዝ ጨረቃና አንሰል አዳምስ

የሙያ ባልደረቦቻችን ስለ አንሰል አዳምስ ሲያወሱ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያነሡት በኒው ሜክሲኮ፣ በሄርናንዴዝ መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ነው። ዕድል ቀንቶት ያገኘው ነው የሚሉም አይጠፉም። ይህ አስተያየት በእኔ ግምት ልክ አይደለም።

አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1902 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። በወጣትነቱ የተመኘው ፒያኖ ተጫዋች መሆንን ነበር። በ1916 ከወላጆቹ ጋር ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ በሄደ ጊዜ የተሰጠችው ትንሽ የኮዳክ ካሜራ ግን ኋላ ፒያኖውን አስተወችው።

በ1941 መጸው የአሜሪካ መንግሥት ለመሥሪያ ቤት ግድግዳ የሚሆኑ ትልልቅ ፎቶግራፎች እንዲያነሣለት ቀጥሮት ነበር። አንድ ቀን ከልጁ ከማይክልና ከወዳጁ ከሴድሪክ ራይት ጋር በቻማ ሸለቆ ሲደክም ውሎ፣ የረባ ነገር ሳያገኝ ወደ ሳንታ ፌ ይመለስ ጀመር። በመንገዱ ላይ ሳለ በምሥራቅ በኩል ጨረቃ ከደመናውና በረዶ ከለበሱት ተራሮች በላይ ወጥታ፣ በምዕራብ ደግሞ ፀሐይ በሚገሰግስ ደመና ልትሸፈን ተቃርባ፣ የመጨረሻው ብርሃን በመቃብሩ ሥፍራ መስቀሎች ላይ አርፎ አየ። መኪናውን አቁሞ 8 በ10 ኢንች ፊልም የሚይዘውን ከባድ ካሜራ ሲተክል የብርሃን መለኪያው ጠፋበት። ፍለጋውን ትቶ የጨረቃ ድምቀት በካሬ ጫማ 250 ሻማ መሆኑን አስታወሰ፤ ከዚያም ተነሥቶ በአእምሮው አስልቶ፣ ማጣሪያ ገጥሞ፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 32 አጥብቦ ለአንድ ሰከንድ አነሣ። ለመጠባበቂያ ሁለተኛ ሊያነሣ ፊልሙን ሲገለብጥ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፋ። ይህን ዕድል ብቻ ነው የሚል ሰው፣ ያ ቁጥር በቃሉ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ያስብ።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። የኔጋቲቩ የታችኛው ክፍል ስስ ስለ ነበረ ለማተም እጅግ አስቸገረው። በ1948 ያንኑ ክፍል በኬሚካል አጠነከረው። በቀደሙት ህትመቶች ላይ ከጨረቃዋ በላይ ስስ ደመና ይታያል፤ በኋለኞቹ ግን ሰማዩን እያጠቆረ ሄዶ ደመናውን ከሞላ ጎደል አጠፋው። ዓለም የሚያደንቀው ጥቁሩን ሰማይ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን ጠባየ ብዙ አየር የምናገኘው በቀደሙት ይመስለኛል።

አዳምስን የምወቅስበት አንድ ነገር አለ፤ የስንቱን ብርሃን መጠን በቃሉ የያዘ ሰው ቀኑን አልመዘገበም። በተለያየ ጊዜ ከ1940 እስከ 1944 ያሉ ዓመታትን ሰጥቷል። በ1980 የፀሐይ ተመራማሪው ዴቪድ ኤልሞር ከጨረቃዋ አቀማመጥ ተነሥቶ ኦክቶበር 31 ቀን 1941 ነው አለ። በ1991 ደግሞ ዴኒስ ዲ ቺኮ ስሌቱን አርሞ ኖቬምበር 1 ቀን 1941፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ መሆኑን አሳየ። አዳምስ ካረፈ በዚያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር።