አቡነ ማስያስ፤ የተቀበሉትን አደራ እስከ ፍጻሜ ያደረሱ አባት

ሥራን መጀመር ለብዙዎቻችን ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን ልብ ይሞቃል፣ ረዳት ይበዛል፣ ፍጻሜውም ቅርብ መስሎ ይታያል። መንገዱ ሲረዝምና ረዳት ሲታጣ ግን በሥራው ላይ ጸንቶ የሚቆየው ጥቂት ሰው ነው። ጌታችን መሠረት ጥሎ ግንቡን መፈጸም ስላቃተው ሰው የሰጠውን ምሳሌ ስናስብ፣ በአገራችን የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ታሪክ ውስጥ የአቡነ ማስያስ ሕይወት በፊታችን ይቆማል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቡነ ማስያስ በኢጣሊያ አገር፣ በፒዬሞንቴ ግዛት፣ ፒዮቫ በምትባል መንደር በ1809 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የጥምቀት ስማቸው ሎሬንሶ ሲሆን፣ ወደ ካፑቺን ማኅበር በገቡ ጊዜ ጉልየልሞ ተባሉ። በ1832 ክህነትን ተቀብለው በቶሪኖ ከተማ ሆስፒታል ሕሙማንን በመንፈሳዊ አገልግሎት ሲረዱ፣ የሕክምናን ሙያ ከሐኪሞቹ አጠገብ ሆነው ቀሰሙ። ከዚያም ለማኅበራቸው ወጣቶች ነገረ መለኮትን አስተማሩ። ያ የሆስፒታል አገልግሎት ወደፊት ለምን እንደሚጠቅማቸው በዚያን ጊዜ ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

በ1846 ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ አዲስ ሐዋርያዊ ቪካርያት ባቋቋሙ ጊዜ፣ ለዚሁ ሥራ የተመረጡት እኒህ መነኩሴ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሮም የጵጵስና ማዕረግ ተቀብለው ወደ ምጽዋ ተጓዙ። አደራው በጥቂት ቃላት የሚነገር ነበር፤ ወደ ኦሮሞ ምድር መግባትና ወንጌልን መስበክ። ከምጽዋ እስከዚያ ምድር ለመድረስ ግን ስድስት ዓመታት ፈጀባቸው።

በመጀመሪያ የመሳፍንቱ ጦርነት መንገዱን ዘጋባቸው። ቀጥሎም የአቡነ ሰላማ ተቃውሞ ከሰሜኑ አገር አስወጣቸው። በዚህ የጥበቃ ጊዜ እንኳ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ሥር ለሚያገለግሉ የአገር ተወላጆች ክህነትን ሰጡ፤ በጥር ወር 1849ም በምጽዋ በሌሊት፣ በስውር፣ ቅዱስ ዩስጢኖስን በአንብሮተ እድ ጳጳስ አድርገው ሾሙ። የራሳቸው መንገድ ተዘግቶ ሳለ የሌላውን ሥራ መደገፋቸውን ልብ ልንለው ይገባል።

በሰሜን በኩል መግባት እንደማይቻል በተረዱ ጊዜ አሳባቸውን ሳይሆን መንገዳቸውን ለወጡ። ጆርጆ ባርቶሬሊ የተባለ ነጋዴ መስለው ከግብፅ የዓባይን ወንዝ ተከትለው ሱዳንን አቋረጡ፤ በጎጃም በኩልም ዓባይን ተሻግረው በኅዳር ወር 1852 በጉዱሩ ምድር ወደምትገኘው አሰንዳቦ ደረሱ። ሌላ ሰው ቢሆን ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ወደ ሮም ጽፎ ሌላ ሥራ እንዲሰጠው በለመነ ነበር፤ ያንንም በማድረጉ የሚወቅሰው ባልተገኘ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ዕረፍት የሞላባቸው አልነበሩም። ከጉዱሩ ተነሥተው እናርያንና ሌሎች አገሮችን እያዳረሱ በ1859 ወደ ከፋ ገቡ። ሕዝቡ የፈንጣጣ ሐኪም አድርጎ ያውቃቸው ነበር፤ በቶሪኖ ሆስፒታል የቀሰሙት ዕውቀት በክትባት አማካይነት የብዙ ሰዎችን ነፍስ አተረፈና። በ1861 ግን ከከፋ ተባረሩ። በ1863 በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ተለቀቁ፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተመለሱ። በዚያም በማርሴይ ከተማ ለኦሮሞ ወጣቶች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ወደፊት የሚመጡ ሚሲዮናውያን የሕዝቡን ቋንቋ እንዲማሩም በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በፓሪስ አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተቃርቦ ሳለ እንደገና ተነሥተው በ1868 ወደ ሸዋ መጡ። ከንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ከበሬታን አግኝተው፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ በፊንፊኔ፣ ብርብርሳ በተባለው ቦታ የሚሲዮን ጣቢያ መሠረቱ።

በ1879 ግን አፄ ዮሐንስ ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ በሱዳን በረሃ በኩል ለመጨረሻ ጊዜ ተሰደዱ። እዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የደከሙበትን መስክ ትተው በግድ የወጡ አባት ሥራቸውን ፈጸሙ ልንል እንችላለንን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ያሰቡት ሁሉ እንዳልሆነላቸው፣ ከመሠረቷቸው ጣቢያዎችም ሳይወዱ እንደተለዩ ታሪካቸው አይሸሽግም።

ሆኖም መፈጸም ማለት የሥራችንን ፍሬ ሁሉ በዓይናችን አይተን መሞት ማለት ከሆነ፣ ከሐዋርያት ብዙዎቹ ሥራቸውን አልፈጸሙም ማለት ነው። እኛ እንደምናስተውለው መፈጸም ማለት የተሰጠንን ድርሻ ሳናጎድል ሠርተን ለሚከተለው ሰው በሥርዓት ማስረከብ ነው። አቡነ ማስያስም ይህን አድርገዋል። ስደቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ በ1875 አባ ቶረን ካኻኝን ጳጳስ አድርገው ሾመው ነበርና ሥራው ከእርሳቸው መውጣት ጋር አልጠፋም። ተተኪያቸውም በ1881 ሐረር ገብተው ሐዋርያዊውን አገልግሎት ቀጠሉ።

ወደ ሮም በተመለሱ ጊዜ ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ የሚሲዮን ሕይወታቸውን ታሪክ እንዲጽፉ አዘዟቸው። በስደት ከጠፉት ወረቀቶች የተነሣ አብዛኛውን ከትዝታቸው እየቀዱ ጻፉ። በ1884 ካርዲናል ተብለው ሲሾሙም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። ሠላሳ አምስቱን የሚሲዮን ዓመታት የሚተርከው መጽሐፍ ከ1885 ጀምሮ መታተም ጀመረ። እርሳቸው ነሐሴ 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አጠገብ በሳን ጆርጆ ኣ ክሬማኖ ዐረፉ፤ ሥጋቸውም በፍራስካቲ በካፑቺኖች ቤተክርስቲያን ተቀበረ። የመጽሐፉ 12ኛና የመጨረሻው ክፍል ግን ከዕረፍታቸው ስድስት ዓመት በኋላ በ1895 ታትሞ ወጣ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2016 የጽድቅ ሥራቸውን አጽድቀው ክቡር ተብለው እንዲጠሩ ፈቀዱ።

ከዚህ ሕይወት እኛ ምን እንማራለን? በየቁምስናችን ጅምራቸው ያማረ፣ ፍጻሜያቸው የራቀ ሥራዎች አይጠፉም። ለጥምቀት ተመዝግበው ትምህርቱ በመካከል የተቋረጠባቸው ንዑሰ ክርስቲያን አሉ፤ እስከ መስኮቱ ደርሶ የቆመ የጸሎት ቤት አለ፤ እጠይቃቸዋለሁ ብለን ደጃቸውን ያልረገጥነው በሽተኞች አሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሃያ ልጆች ይዘን ጀምረን አምስት ቢቀሩልን ለአምስቱ የመጨረሻውን ትምህርት መስጠት ለሃያው የመጀመሪያውን ከመስጠት አያንስም። ከስፍራችን የምንነሣ ከሆነም የተማሪዎቻችንን ስምና የደረሱበትን ትምህርት ጽፈን ለተተኪያችን እናስረክብ።

መንገድ በተዘጋብን ጊዜ እንደ አቡነ ማስያስ መንገዱን እንለውጥ እንጂ አደራውን አንጣል። መጀመርን የሰጠን አምላክ መፈጸምንም ይስጠን፤ አሜን።