ራምቦ በሐረር፤ የነጣው ምስል

የድሬዳዋና የሐረር አካባቢ የፎቶግራፍ ታሪክ ከድሬዳዋ ከተማ መቆርቆር ይቀድማል። የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ የሚያልፈው ከድሬዳዋ ብዙም በማትርቀው በጊልዴሳ በኩል ነበር። በዚያ ዘመን የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ሐረር ከገቡት ጥቂት አውሮፓውያን አንዱ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው።

ራምቦ በጥቅምት 20 ቀን 1854 ሻርልቪል በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። የሀገሩን ሥነ ጽሑፍ ያናወጡትን ግጥሞች የጻፈው ገና በወጣትነቱ ሲሆን፣ ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው ብዕሩን ጣለ። በ1880 ዓደን ደርሶ ባርዴ በተባለ የቡና ነጋዴ ድርጅት ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም በግብፅ አገዛዝ ሥር ወደነበረችው ሐረር ተላከ።

በ1882 ከሊዮን ከተማ የፎቶግራፍ መሣሪያ አዘዘ። ሐሳቡ ሁለት ነበር፤ አንደኛው በፎቶግራፍ ገንዘብ ማግኘት፣ ሁለተኛው ስለ ሐረርና ስለ ኦሮሞ ምድር ሥዕላዊ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለጂኦግራፊ ማኅበር ማቅረብ። በ1883 ሐረር ተመልሶ ሥራውን ሲጀምር ግን፣ ራሱን በመስተዋት እንደሚመለከት ሰው የገዛ መልኩን አነሣ። በግንቦት ወር ለእናቱና ለእኅቱ ሦስት ምስሎች ላከ። በአንደኛው በቤት ሰገነት፣ በሁለተኛው በቡና አትክልት ውስጥ ቆሟል፤ በሦስተኛው ክንዶቹን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል ይታያል።

ምስሎቹ ነጥተዋል። ምክንያቱንም ራሱ ለቤተሰቡ ሲያስረዳ፣ ያጠበበትን መጥፎ ውኃ ጠቅሷል። የሙያው ሰው ይህን አያጣውም። የታተመ ወረቀት በንጹሕ ውኃ በሚገባ ካልታጠበ፣ በላዩ የሚቀረው ሃይፖ ምስሉን ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። ስለዚህም ዓለም ሊያየው የሚጓጓው የጎልማሳው ራምቦ ፊት ደብዝዞ ቀረ።

ራምቦ የሐረርን ገበያና በዕቃዎቹ መካከል የተቀመጠ አንድ የእጅ ባለሙያም አንሥቷል። በዚህኛው ምስል ምሰሶዎቹ፣ ዕቃዎቹና የሰውየው አቀማመጥ ዛሬም ይለያሉ። ይሁንና የባለሙያው ስም አልተመዘገበም፤ የሚታወቀው በሥራው ብቻ ነው።

የታሰበው መጽሐፍ ሳይወጣ ቀረ፤ መሣሪያውም በ1885 ተሸጠ። ራምቦ ከዚያ በኋላ የጦር መሣሪያ ይዞ በ1887 እንጦጦ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ፤ ከ1888 ጀምሮም በሐረር ነገደ። በ1891 ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ተወሰደ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆርጦ፣ በኅዳር 10 ቀን በ37 ዓመቱ አረፈ።

እነዚያ ጥቂት ምስሎች ዛሬ የሚፈለጉት በአንሺው ስም ምክንያት ነው። ለሐረርና ለድሬዳዋ ልጆች ግን ዋጋቸው ከዚህ ይልቃል፤ የአባቶቻቸውን ገበያና የእጅ ሥራ ያሳያሉና። ከራምቦ ሕይወት ለፎቶግራፍ ባለሙያ የሚተርፈው ትምህርትም ግልጽ ነው። ምስልን በሚገባ ማጠብ ከመንጣት ያድነዋል፤ የተነሣውን ሰው ስም መመዝገብ ደግሞ ሰውየውን ከመረሳት ያድነዋል። ራምቦ የመጀመሪያውን በውኃ እጦት ሳተ፤ ሁለተኛው ግን ከአንዲት የቀለም ጠብታ በላይ አይጠይቅም ነበር።