ሌስሊ ብራውንና የአርሲ ደጋ አጋዘን
ከአሰላ በላይ፣ በጭላሎ ተራራ፣ የገብሱ ማሳ ሲያበቃ አስታው ይጀምራል። በዚያ ደጋ የሚኖረው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ይህን እንስሳ አጥንተው ለዓለም ካስተዋወቁት ሊቃውንት አንዱ ሌስሊ ብራውን ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1917 በሕንድ አገር የተወለዱት ብራውን ለረጅም ዘመን በኬንያ የእርሻ መሥሪያ ቤት አገልግለዋል፤ ስለ ንስርና ስለ ፍላሚንጎ የጻፏቸው መጻሕፍትም ስማቸውን አስጠርተዋል። በ1960ዎቹ ወደ አገራችን መጥተው ተራሮቻችንን መረመሩ፤ በ1965 የኢትዮጵያ ጉዟቸውን በመጽሐፍ አወጡ፤ በ1969 ስለ አጋዘኑ አኗኗር ሰፊ ጥናት አሳተሙ። በ1970 ለተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ምክራቸው መሠረት ሆኗል። በ1980 አረፉ።

ማሳው ግን ዛሬም ሽቅብ ይገፋል፤ አስታውም ይመናመናል። የእርሻ ባለሙያው ብራውን የተዉልን ትምህርት ገበሬውንም አውሬውንም አብሮ ማሰብ ነው።